ስታሮቸርካስክ፦ ስለ አሮጌዋ የኮሳኮች ዋና ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡብ ሩሲያ፣ ዶን ወንዝ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ የሚኖርባት ሕዝብ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም። ከ160 ዓመት በላይ ግን የዶን ኮሳኮች ሁሉ ዋና ከተማ ነበረች። ሮስቶቭ ተማሪ ሳለሁ ነው ያወቅኳት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ማውራት ይቀናኛል። ሰው ኮሳክ ሲባል ፈረስና ጎራዴ ነው የሚታየው። እኔ ግን ስለ ስታሮቸርካስክ ሳወራ የምጀምረው ከውሃው ነው። ወንዙ ካልገባን ከተማዋም አትገባንም። ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የት ነው የምትገኘው?

ከሮስቶቭ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዶን ወንዝ ወደ ላይ ስትሄዱ። ሩሲያ ውስጥ ሁለት ሮስቶቭ አለ። ይሄ የደቡቡ፣ ትልቁ፣ ዶን ላይ ያለው ነው። ዶን ከሞስኮ በስተደቡብ ካለው ከቱላ አካባቢ ተነሥቶ 1870 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና አዞቭ ባሕር ይገባል። ስታሮቸርካስክ ያለችው ወንዙ ጉዞውን ሊጨርስ ሲቃረብ፣ ሜዳው ተለጥጦ ውሃው ወዲያና ወዲህ በሚከፋፈልበት ቦታ ነው።

ቸርካስክ፣ ስታሮቸርካስክ፣ ስታሮቸርካስካያ፣ ኖቮቸርካስክ… አንድ ናቸው?

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ናቸው፤ አራተኛው ሌላ ነው። ከተማዋ ስትቆረቆር ቸርካስክ ነበር ስሟ። በ1805 አዲስ ዋና ከተማ ሲመሠረት አዲሱ ኖቮቸርካስክ ተባለ፤ «አዲሱ ቸርካስክ» ማለት ነው። ነባሯ ደግሞ «አሮጌዋ ቸርካስክ» ሆና ቀረች። ዛሬ በመዝገብ ያለው ስሟ ስታሮቸርካስካያ ነው። ደረጃዋም ከተማ ሳይሆን «ስታኒትሳ» ነው። ስታኒትሳ የኮሳክ መንደር ማለት ነው፤ ከተራ መንደር ተለቅ ይላል፣ የራሱ አለቃና የራሱ ጉባኤም ነበረው። እኔ ግን ከተማ ማለቱን አልተውም። ያየችውን ያየች ቦታ መንደር ስትባል ቅር ይለኛል።

ቸርካስክ የሚለው ስም ራሱ «ቸርካስ» ከሚለው አሮጌ ቃል የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ሩሲያውያን የካውካሰስ ቸርከሶችንም ከድኔፐር ወንዝ አካባቢ የመጡትን ኮሳኮችም በዚህ ስም ይጠሩ ነበር።

ኮሳክ ምንድን ነው? ብሔር ነው ወይስ ወታደር?

ይሄን ጥያቄ ኮሳኮቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ቃሉ ከቱርክ ቋንቋዎች የመጣ ነው። ነፃ ሰው፣ ጌታ የሌለው፣ ዕድሉን ፍለጋ የወጣ ሰው እንደማለት ነው። ካዛክስታን የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ከ1500ዎቹ ጀምሮ በሞስኮና በፖላንድ ነገሥታት ግዛት ገበሬው ከባለርስት መሬት ጋር እየታሰረ መጣ። መሄድ ተከለከለ፤ ሰውዬው ከነልጆቹ የጌታው ንብረት ወደ መሆን ተቃረበ። ያኔ እግሩ የቻለ ወደ ደቡብ ሸሸ። ደቡቡ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ የማንም መንግሥት እጅ በቅጡ የማይደርስበት። እዚያ የታታር፣ የቱርክ፣ የካውካሰስ ሰዎች ነበሩ። ተዋጓቸው፣ ነገዱ፣ ተጋቡ። ከዚህ ቅልቅል የወጣው ሰው ነው ኮሳክ።

ስለዚህ ቋንቋው ሩሲያኛ ነው፣ ሃይማኖቱ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ፊቱና አለባበሱ ግን ብዙ አገር የነካካው። በዶን ኮሳኮች ውስጥ የቡድሃ እምነት ተከታይ የሆኑ ካልሚኮችም ነበሩ። በኋላ ዛሮቹ፣ ማለትም የሩሲያ ነገሥታት፣ ኮሳክነትን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የውትድርና ግዴታ አደረጉት። እንግዲህ ብሔርም፣ ወታደርም፣ የኑሮ ዘይቤም ነው ብንል ያስኬዳል። አንዱን ብቻ መርጦ ሌሎቹን መጣል ግን አያስኬድም።

«ከዶን ሰው አይሰጥም» ሲባል ምን ማለት ነው?

የኮሳኮቹ የቆየ ሕግ ነው። ሸሽቶ ዶን የደረሰ ሰው፣ ጌታውም መጣ ዛሩም ላከ፣ ተላልፎ አይሰጥም። ወንጀለኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም ወደ «ክሩግ» ይወጣል። ክሩግ ክብ ማለት ነው፤ ኮሳኮች በአደባባይ ክብ ሠርተው የሚመክሩበት ጉባኤ ነው። አለቃቸው አታማን የሚመረጠው እዚያ ነው፣ የሚሻረውም እዚያው። ዘመቻም፣ ክርክርም፣ ጋብቻ ሳይቀር እዚያ ይደረግ ነበር። በድሮው ልማድ ወንዱ ሴቲቱን ይዞ ክቡ መሀል ይገባና «ሚስቴ ሁኚ» ይላታል፤ እሷም ትመልሳለች፤ በቃ። ፍቺውም እንደዚሁ በሰው ፊት ነበር።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። በ1690 የዶን ኮሳኮች ጉባኤ ማረስ ከለከለ። የሚያርስ ሰው እስከ ሞት ሊደበደብ፣ ንብረቱም ሊወረስ ተፈረደ። ያን የመሰለ ለም መሬት ላይ ተቀምጠው! ምክንያታቸው ግን ግልጽ ነው። የሚያርስ ሰው ከመሬቱ ጋር ይታሰራል። ከመሬቱ ጋር የታሰረ ደግሞ ጌታ ይመጣበታል። ከዚያ ነውና ሸሽተው የመጡት። ዓሣ ያጠምዱ፣ ያድኑ፣ ይዘምቱ ነበር፤ እህሉን፣ ባሩዱንና እርሳሱን ዛሩ በጀልባ ይልክላቸዋል፣ እነሱ ደቡቡን ድንበር ይጠብቁለታል። እዚህ ላይ ግን የተደበቀ ወጥመድ አለ። እህልህን የሚልክልህ ሰው አንድ ቀን ያዝሃል።

ታዲያ ለምን ረግረግ መሀል ከተማ ሠሩ?

ፈረሰኛ ውሃ ስለማይወድ ነው።

ቸርካስክ የተቆረቆረችው በ1500ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከዶን ቀኝ ዳር ባለ ዝቅተኛ ደሴት ላይ ነው። ዙሪያዋን ዶን፣ ትንንሽ ቅርንጫፎቹና ረግረግ ይከቧታል። የዚያን ጊዜው ትልቁ ጠላት የክራይሚያና የኖጋይ ታታር ፈረሰኛ ነበር። ፈረሰኛ ሜዳ ላይ እንደ ነፋስ ነው፤ ረግረግ ውስጥ ግን ፈረሱ ይሰጥማል። ታች በኩል፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ የኦቶማን ቱርኮች የአዞቭ ምሽግ ነበር። ከዚያ በኩል ለሚመጣው ጠላት ደግሞ የእንጨት አጥርና መድፍ ተከሉ። ኮሳኮቹ ራሳቸው ግን የውሃ ላይ ሰዎች ነበሩ። በሰፋፊ ጀልባቸው ወንዙን ወርደው፣ ከተሳካላቸው በአዞቭ አጠገብ ሾልከው፣ እስከ ቱርክ ዳርቻ ድረስ ይዘምቱ ነበር። የፈረስ ሰው ናቸው የሚለው ዝና የኋላ ነው። መጀመሪያ የጀልባ ሰዎች ናቸው።

ውሃው አንድ ጊዜ ግን አላዳናቸውም፤ በ1643 ቱርኮች መጥተው ከተማዋን አቃጠሏት። በዓመቱ እንደገና ሠሯት። ከ1644 ጀምሮ የዶን ኮሳኮች ዋና ከተማ የሆነችውም ያኔ ነው።

በየዓመቱ በውሃ ትጥለቀለቅ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ላይ አገር በረዶው ሲቀልጥ ዶን ይሞላል። በጸደይ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ውሃው ሜዳውን ሁሉ ይሸፍነውና ቸርካስክ ባሕር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኘው በጀልባ ነው። ገበያም በጀልባ፣ ቤተ ክርስቲያንም በጀልባ።

የኮሳክ ቤት «ኩሬን» ይባላል። አሠራሩን ያየ ሰው የወንዙን ታሪክ ከግድግዳው ያነባል። ምድር ቤቱ ከድንጋይ ወይም ከጡብ ነው፤ ዕቃ ይቀመጥበታል። ሰው የሚኖረው ላይኛው፣ በእንጨት የተሠራው ፎቅ ላይ ነው። ላይኛውን ፎቅ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ይከበዋል። ውሃው ሲመጣ ምድር ቤቱ ይሰጥማል፣ ጀልባው በረንዳው ላይ ይታሰራል፣ ኑሮ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሳየው በረንዳው ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ወደብ ነው ለካ!

ሌላው ጠላት እሳት ነበር። ቦታው ጠባብ፣ ቤቱ ሁሉ እንጨት፣ ተጠጋግቶ የተሠራ። በ1744 የተነሣው ቃጠሎ ባሩድ ቤቱ ጋ ደርሶ ከተማዋን ከሞላ ጎደል አወደማት። ከዚያ በኋላ ነው ሀብታሞቹ ከድንጋይና ከጡብ መሥራት የጀመሩት። ዛሬ የምናያቸው እንደ ምሽግ ወፋፍራም ግድግዳና የብረት መዝጊያ ያላቸው ቤቶች የዚያ ድንጋጤ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የነጋዴዎቹ የዡቼንኮቭ ቤተሰብ ቤት ነው፤ ቆም ብላችሁ መስኮቶቹን እዩ።

ዋና ከተማነቷን ለምን አጣች?

በውሃው ምክንያት። ያቋቋማት ውሃ ነው ያስጣላትም።

በ1700ዎቹ መጨረሻ የታታርና የቱርክ ስጋት ከዶን ርቋል። ረግረጉ ከጠላት መጠበቁ ቀረ፤ የቀረው ሙላቱ፣ በሽታውና ጥበቱ ብቻ ነው። አታማን ማትቬይ ፕላቶቭ በ1805 ከፍታ ላይ ኖቮቸርካስክን መሠረተ። ንድፉን የሠራው ፍራንስ ዴ ቮላን የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ሰፋፊ ጎዳና፣ ትልልቅ አደባባይ። ብዙ ኮሳክ ግን አልተደሰተም። «አታማኑ ከዶን ለየን» አሉ። ወንዝ ለለመደ ሰው ኮረብታ ላይ ውሃ መቅዳት ትልቅ ጣጣ ነው። ቢሆንም የእንጨት ቤታቸውን ፈትተው ተሸክመው የሄዱ አሉ።

ፕላቶቭ የዚችው ከተማ ልጅ ነው። በ1753 እዚሁ ተወለደ፤ የተጠመቀበት የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አሁንም አለ። ናፖሊዮንን ከሩሲያ ባሳደደው ጦርነት ስሙ አውሮፓን አዳረሰ፤ በ1814 ዛሩን ተከትሎ ለንደን ሲገባ እንግሊዞች ተሻምተው ነበር ያዩት። የተወለደባትን ከተማ ዋና ከተማነት የወሰደው እሱ መሆኑን የሚቆጩበት አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር እላለሁ። ያኔ ባትተው ኖሮ ፈርሳ በአዲስ ትሠራ ነበር። ስለተተወች ነው የተረፈችው።

የስቴንካ ራዚን ሰንሰለት እውነተኛው ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ስቴፓን ራዚን (ስቴንካ የሚሉት በቁልምጫ ነው) የዶን ኮሳክ ነበር። ከ1667 ጀምሮ የደሃ ኮሳኮችን ጦር ይዞ ወደ ቮልጋ ወረደ፣ የካስፒያን ባሕርን ተሻግሮ የፋርስን ዳርቻ ዘረፈ፣ በሀብት ተንበሽብሾ ተመለሰ። በ1670 ነገሩ ተለወጠ። ዘረፋ የነበረው አመፅ ሆነ። የቮልጋ ከተሞቹን ጻሪትሲንንና አስትራካንን ያዘ፤ ገበሬው ባለርስቱን ጥሎ ተከተለው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሲምቢርስክ ላይ ተሸነፈና ቆስሎ ወደ ዶን ተመለሰ።

ቀጥሎ የሆነው ነው ልብ የሚነካው። በ1671 ሚያዝያ ላይ የያዙት የዛሩ ወታደሮች አልነበሩም። የራሱ ኮሳኮች ናቸው። መሪያቸው አታማን ኮርኒል ያኮቭሌቭ ሲሆን፣ ያኮቭሌቭ የራዚን የክርስትና አባቱ ነበር። «ከዶን ሰው አይሰጥም» የሚለው ሕግ የተሰበረው በዚህ ነው። ያመጡት ወደ ቸርካስክ ነው። ሰዉ ራዚን ጠንቋይ ነው፣ ብረት አይይዘውም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ፣ እንደሚተረከው፣ በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ በተባረከ ሰንሰለት አሠሩት፤ አስማቱ በቅዱስ ቦታ እንዲከሽፍ። ከዚያ ሞስኮ ተልኮ በሰኔ ወር በአደባባይ ተገደለ።

ዛሬ የትንሣኤ ካቴድራል መግቢያ ግድግዳ ላይ ከባድ የብረት ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። የራዚን ነው ይባላል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሄ የድንጋይ ካቴድራል የተሠራው ከ1706 እስከ 1719 ነው። ራዚን ከሞተ 35 ዓመት አልፎ ነው የተጀመረው። ስለዚህ ራዚን ይሄን ግድግዳ አላየውም። የታሠረበት ቤተ ክርስቲያን ከእንጨት የተሠራው የቀድሞው መሆን አለበት። ሰንሰለቱ የሱ ይሁን አይሁን፣ ኮሳኮቹ ከ300 ዓመት በላይ የገዛ ወንድማቸውን ያሰሩበትን ብረት ከቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ አላነሱትም። እኔ እዚያ ቆሜ የማስበው ይሄን ነው።

ካቴድራሉ ውስጥ ምን አለ?

በዶን ምድር ከድንጋይ የተሠራ የመጀመሪያው ካቴድራል ነው። ዘጠኝ ጉልላት አለው። በፊት የነበሩት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ውስጡ ሲገባ ዓይን የሚይዘው በወርቅ የተለበጠው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሰው የሥዕላት ግድግዳ ነው። ወይን፣ ቅጠልና አበባ የተፈለፈለበት እንጨት ነው። ዛር ጴጥሮስ (ታላቁ ጴጥሮስ የሚባለው) ለሥራው ስጦታ ልኳል፤ መጥቶ ሳለም በገዛ እጁ ድንጋይ አኑሯል ይባላል።

ደወል ቤቱ ለብቻው ቆሟል፣ 45 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚያ ዝርግ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታየው እሱ ነው። የጠላት መምጣት የሚታይበት ማማም ነበር።

ደጁ ላይ የተቀመጡት የብረት በሮች ምንድን ናቸው?

የአዞቭ ምሽግ በሮች ናቸው። በ1637 የዶን ኮሳኮች ዛሩን ሳያስፈቅዱ አዞቭን ከቱርኮች ነጠቁ። በ1641 የኦቶማን ሱልጣን ታላቅ ጦር ልኮ ለሦስት ወር ያህል ከበባቸው። አልወጡም። ሴቶቹም በግንቡ ላይ ተዋግተዋል። ከበባው ተነሣ። ኮሳኮቹ ግን አልቀውና ደክመው ስለነበር ምሽጉን ለሞስኮ እንስጥ አሉ። ዛር ሚካኤል ሮማኖቭ ከቱርክ ጋር ጦርነት ፈራ። በ1642 ውጡ ብሎ አዘዘ። ወጡ፤ ሲወጡ ግን በሮቹን፣ የገበያውን ትልቅ ሚዛን ዘንግና መድፎችን ይዘው መጡ። ማይዳን በሚባለው አደባባያቸው ላይ አኖሯቸው። ከተማዪቱን አስረክበው በሯን መውሰድ! እንዴት ያለ ሕዝብ ነው እላለሁ ባየኋቸው ቁጥር።

በርሜል ላይ የተቀመጠው ራቁት ኮሳክ ማን ነው?

በየመታሰቢያ ዕቃው ላይ ስለምታዩት ነው ሰው የሚጠይቀው። እንደ አፈ ታሪኩ ጴጥሮስ በአዞቭ ዘመቻው ጊዜ ቸርካስክ መጣ። መንገድ ላይ አንድ የሰከረ ኮሳክ የወይን በርሜል ላይ ተቀምጦ አየ። ልብሱን ሁሉ ሸጦ ጠጥቶበታል፤ ጠመንጃው ግን በእጁ ነው። ዛሩ «ሸሚዝህን ሸጠህ ጠመንጃውን ለምን አልሸጥከውም?» አለው። «ጠመንጃ ካለኝ ሸሚዝ አገኛለሁ» ብሎ መለሰ። ጴጥሮስም ወደደውና የኮሳኮች ማኅተም ይሁን አለ ይባላል። ማኅተሙ በእውነት ነበር። የቆየው ምልክታቸው ግን ቀስት የተወጋ ዋሊያ መሳይ አጋዘን ነው፤ ያም እስከ ዛሬ አለ።

ይሄው ጴጥሮስ ነው እንግዲህ ነፃነታቸውን የወሰደው። በ1707 ሸሽተው የመጡ ገበሬዎችን እንዲለቅም መኮንን ላከ። ኮንድራቲ ቡላቪን የተባለ ኮሳክ መኮንኑን ገድሎ ተነሣ። በ1708 ግንቦት ቸርካስክን ያዘ፣ አታማንም ሆነ። ሐምሌ ላይ እዚሁ ተከቦ ሞተ። የዛሩ ጦር በዶን ላይ ብዙ መንደሮችን አቃጠለ። ከዚያ በኋላ አታማን በጉባኤ መመረጡ ቀረ፤ ከላይ ይሾም ጀመር። ያ እህል የሚልከው እጅ ማለት ነው።

ኮሳኮች ኢትዮጵያ መጥተዋል ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፤ ግን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይምታታሉ።

አንደኛው የኒኮላይ አሺኖቭ ነው። ራሱን የኮሳክ አታማን ብሎ በ1889 ሰዎች ይዞ ዛሬ ጅቡቲ በሆነችው ሳጋሎ ሰፈረ። ሐሳቡ ወደ ኢትዮጵያ መሻገር ነበር። ቦታው ለፈረንሳይ ስለሆነ በየካቲት ወር የፈረንሳይ መርከቦች ደበደቡትና ነገሩ በሰው ሕይወት መጥፋት አበቃ። ይሄ ሰው ከዶን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሁለተኛው ግን የዶን ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ሩሲያ መልእክተኛ ወደ ዐፄ ምኒልክ ላከች። መሪው ፒዮትር ቭላሶቭ ሲሆን፣ የኮሳክ አጃቢው ጓድ አለቃ ፒዮትር ክራስኖቭ የሚባል ወጣት የዶን ኮሳክ መኮንን ነበር። በ1898 መጀመሪያ፣ ማለትም በ1890 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ገቡ። ኮሳኮቹ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ፈረስ እየጋለቡ ኮርቻ ላይ ቆመው፣ በፈረሱ ጎን ተንጠልጥለው ከመሬት ዕቃ እያነሡ ትርኢት አሳዩ። ጉግስ በሚያውቅ ሕዝብ ፊት ነው ያሳዩት፤ ተመልካቹ ምን እያየ እንደሆነ ይገባው ነበር። ክራስኖቭ ጉዞውን በመጽሐፍ ጽፎታል።

በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ጋር እስከ ነጭ ዓባይ የዘለቁ ሁለት ኮሳኮችም አሉ፤ ሽቼድሮቭና አርኺፖቭ። ከአለቃቸው ከኮሎኔል አርታሞኖቭ ጋር አዞ ባለበት ውሃ ዋኝተው ባንዲራ ተክለዋል። የወንዝ ልጆች መሆናቸውን ያስታውሳል።

የክራስኖቭ ፍጻሜ ግን የሚያኮራ አይደለም። በ1918 የዶን ኮሳኮች አታማን ሆኖ ቦልሼቪኮችን፣ ማለትም የሩሲያ ኮሚኒስቶችን፣ ወጋ። ተሸንፎ ተሰደደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ጎን ቆመ፤ በ1947 ሞስኮ ላይ ተሰቀለ። የአዲስ አበባውን ወጣት ስናደንቅ ይሄንንም ይዘን መሆን አለበት።

በሶቪየት ዘመን ምን ሆኑ?

ብዙ ኮሳክ «ነጮቹ» ከሚባሉት ከቦልሼቪኮች ጠላቶች ጎን ተዋግቶ ነበር። በጥር 1919 የቦልሼቪክ ፓርቲ ኮሳኮች ላይ ያለ ርኅራኄ እርምጃ እንዲወሰድ የሚያዝ ሰነድ አወጣ። ጥይት፣ ስደት፣ በኋላም የ1932 እና 33 ረሃብ። የኮሳክ ልጅ ነኝ ማለት አደገኛ ሆነ። ስታሮቸርካስክም ዝም አለች። በ1970 በደራሲ ሚካኤል ሾሎኮቭ ግፊት ሙዚየም ተቋቋመባትና የቀረው ተረፈ። ከሶቪየት ውድቀት በኋላ በከተማዋ ያለው ገዳም ወደ መነኮሳቱ ተመለሰ፤ ኮሳክነትም በይፋ ተነሣ።

ወንዙም በዚያ ዘመን ተለወጠ። በ1952 ላይ አገር የጺምልያንስክ ግድብ ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉን የሚውጥ የጸደይ ሙላት የለም። በረንዳዎቹ አሉ፤ ጀልባ የሚያስርባቸው ግን የለም።

ምን ይበላል?

ዓሣ። ሽቸርባ የሚባል የዓሣ ሾርባ አላቸው፤ ወፈር ያለ፣ በደንብ የሚያጠግብ። የደረቀ ዓሣም በየገበያው ተንጠልጥሎ ይሸጣል። ራኪ ደግሞ ሸርጣን የሚመስል የወንዝ ፍጡር ነው፤ በእንስላል ይቀቅሉታል፣ ሰው ከብቦ እየፈለቀቀ ይበላል። ጣፋጭ ለሚወድ ናርደክ አለ። ከሐብሐብ ጭማቂ ብቻ ለሰዓታት ተንተክትኮ የሚሠራ፣ ጥቁር ማር የሚመስል ነገር ነው። ዳቦ ላይ አፍስሳችሁ ቅመሱት።

አሁን መሄድ ይቻላል?

የሮስቶቭ ክልል ከዩክሬን ጋር ይዋሰናል። በፕላቶቭ ስም የተሰየመው የሮስቶቭ አየር ማረፊያ ከየካቲት 2022 አንስቶ ለዓመታት ያለ በረራ ቆይቷል። አካባቢው የድሮን ጥቃትም ደርሶበታል። ስለዚህ ለሽርሽር ብሎ መሄድን አሁን አልመክርም። እዚያው ያላችሁ ተማሪዎች ግን ሁኔታውን አጣርታችሁ፣ የአገሩን ሰው ጠይቃችሁ ሂዱ።

አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝ ከየት ልጀምር?

በአውሮፓውያኑ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ከሆነ ከሮስቶቭ በጀልባ ሂዱ። መኪናው ይፈጥናል፣ ግን ከተማዋ የተሠራችው ከውሃ ላይ እንድትታይ ነው። መጀመሪያ ደወል ቤቱ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ጉልላቶቹ። ከወረዳችሁ በኋላ ወደ ማይዳን፣ ከዚያ ካቴድራሉ። ሰንሰለቱ ጋ ብዙ ሰው ስለሚሰለፍ በጠዋት ብትደርሱ ይሻላል። የአታማኖቹ የየፍሬሞቭ ቤተሰብ ግቢም አጠገቡ ነው፤ ሙዚየሙ እዚያ ነው። ልብስ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የዶን ኮሳክ ሱሪ ሰማያዊ ሆኖ በጎኑ ቀይ መስመር አለው። ደረቱ ላይ የጥይት ኪስ የተደረደረበት ረጅም ካፖርት የኩባንና የቴሬክ ኮሳኮች ነው፤ እዚህ የሚያከራዩትን ለብሳችሁ ፎቶ ብትነሡ አገሬዎቹ ይነግሯችኋል።

ጉልበት ካላችሁ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የቅድስት አና ምሽግ አለ። በ1730ዎቹ ከአፈር የተገነባ፣ ስድስት ጫፍ ባለው ኮከብ ቅርጽ። ዛሬ ሣር የለበሰ ጉብታ ነው፤ ላዩ ላይ ስትራመዱ ብቻ ነው ቅርጹ የሚገባችሁ። ዝናብ ከጣለ ግን ይቅር፤ የዚያ አገር ጭቃ ጫማ ያስቀራል፣ ደርሶብኛል። ከጀልባው ስትወርዱም የመመለሻው ሰዓት ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።